ከዛፍ ሥር እስከ ሬቲና፦ የኮጂ ናካኒሺ ኬሚስትሪ

«ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከፈተና ውጭ ምን ይጠቅመናል?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ተማሪዎች ብዙ ናችሁ። ዛሬ ይህን ትምህርት ካስወደዱኝ ሰዎች አንዱን ላስተዋውቃችሁ፤ ፕሮፌሰር ኮጂ ናካኒሺን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1925 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከጃፓናውያን ወላጆች ተወለዱ፤ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፤ ከ1969 ጀምሮ ኒውዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሠሩ፤ በ2019 አረፉ። ዕድሜ ልካቸውን የተከተሉት አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ተፈጥሮ የሠራችው ሞለኪዩል ቅርጹ ምን ይመስላል? የትኛው አቶም ከየትኛው ጋር ተያይዟል?

በዚህ ጥያቄ ከጊንኮ ዛፍ ሥር ልጣጭ የተገኙትን ጊንኮላይዶች ቅርጽ ፈትተው በ1967 አሳተሙ። ናይሮቢ ባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ በኢሲፔም፣ በምርምር ዳይሬክተርነት አገልግለዋል። በ1976 ተምች ቅጠል እንዳይበላ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ከምሥራቅ አፍሪካ ዛፎች ማግኘቱን ያሳወቀው ቡድን ውስጥም ነበሩበት። ተምች የወረደበትን ማሳ ያየ ሰው የዚህን ሥራ ዋጋ ያውቃል።

ወደ ዓይን የወሰዳቸውም ይኸው ጥያቄ ነው። ሬቲናችን ላይ ብርሃን የሚቀበለው ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ ሬቲናል የተባለ ሞለኪዩል ነው። ሮዶፕሲን በተባለው ፕሮቲን ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል፤ ብርሃን ሲያገኘው ይዘረጋል፤ ማየት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ዳፍንት የሚመጣውም ለዚህ ነው። ናካኒሺና ባልደረቦቻቸው የሚታጠፍበትን ቦታ በሰባት አቶም ቀለበት ቆልፈው መዘርጋት የማይችል ሬቲናል ሠሩ። ፕሮቲኑ ተቀበለው፤ ብርሃን ቢበራበት ግን ምንም ሳይለወጥ ቀረ። ሁሉም ነገር በመዘርጋቱ ላይ እንደተመሠረተ ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም።

ቀጥሎ በሽታው መጣ። ዕድሜ ሲገፋ፣ ይበልጡን ደግሞ ስታርጋርት በሚባለው የዘር በሽታ፣ ከሬቲና ጀርባ ባሉት ሴሎች ውስጥ ሊፖፈስሲን የሚባል ዝቃጭ ይጠራቀማል። ስታርጋርት የያዘው ሰው የሚጎዳው መሐለኛው እይታው ነው፤ ዳር ዳሩን እያየ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው መለየትና ማንበብ ያቅተዋል። በዝቃጩ ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ኤ2ኢ ይባላል። በ1993 የቀረበው ቅርጹ ትክክል አልነበረም። ትክክለኛውን በ1996 ያሳየው የናካኒሺ ቡድን ነው፦ ሁለት ሬቲናልና አንድ ኢታኖላሚን ተጋጥመው አንድ ቀለበት ይሠራሉ። ለማየት የምንፈልገው ያው ሞለኪዩል ሳይጸዳ ሲቀር ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይጣበቃል ማለት ነው።

ከተለገሱ የሟቾች ዓይን የሚወጣው ኤ2ኢ እጅግ ጥቂት ስለነበር በ1998 ራሳቸው የሚሠሩበትን መንገድ አሳተሙ። ሬቲናልና ኢታኖላሚን ሁለት ለአንድ፣ በኤታኖል ውስጥ፣ ጥቂት አሴቲክ አሲድ ጠብ ተደርጎበት፣ በጨለማ፣ በክፍል ሙቀት፣ ሁለት ቀን ይማሰላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ኤ2ኢ እንደልብ ከተገኘ በኋላ የኮሎምቢያዋ ጃኔት ስፓሮውና ባልደረቦቿ ኤ2ኢ ያጠራቀሙ ሴሎች ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍባቸው እንደሚሞቱ አሳዩ።

ኤ2ኢ በበሽታው ውስጥ ያለው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ሆኖም ሁለቱ ሬቲናሎች የት ላይ እንደሚጣበቁ ስለታወቀ እዚያ ቦታ ያለውን ሃይድሮጅን በከባድ ሃይድሮጅን ተክቶ መጣበቁን ማዘግየት ተችሏል። በዚህ መንገድ የተሠራ ቫይታሚን ኤ በስታርጋርት ሕሙማን ላይ እየተሞከረ ነው። ቅርጹ ሳይታወቅ ይህ ሐሳብ ሊመጣ አይችልም ነበር።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ያንን የቀለበትና የመስመር ሥዕል ስትሥሉ የሰው ዓይን ላይ እየሠራችሁ ነው፤ አትናቁት። ቤታችሁ ውስጥ መሐለኛው እይታው የደከመ ሰው ካለ ደግሞ የሬቲና ሐኪም ጋ ውሰዱት። «ለዓይን ጥሩ ነው» ተብሎ ብቻ የቫይታሚን ኤ ክኒን አታስጀምሩት፤ ዳፍንት ላለበት ልጅ መድኃኒት የሆነው ቫይታሚን፣ ስታርጋርት ያለበት ሰው በክኒን መልክ እንዳያበዛው ሐኪሞች የሚያስጠነቅቁት ነው።