ባሕታዊው ሸርጣን ሱባዔ ሲገባ

ውሻና ድመት በማይፈቀድበት የተማሪዎች ማደሪያ የሚኖር፣ ነገር ግን ነፍስ ያለው ነገር ማሳደግ የሚወድ ሰው እዚህ አሜሪካ ብዙ ምርጫ የለውም። እኔና የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት በትምህርት ዕረፍት ወደ ሜሪላንድ ጠረፍ በሄድን ጊዜ፣ ከአንድ ሱቅ ሁለት ሸርጣኖች ገዝተን ተመለስን። ሻጩም አንዲት የሽቦ ቤት፣ አንድ እፍኝ ጠጠርና እርጥብ ስፖንጅ ጨምሮ ሰጠንና «ሌላ ምንም አይፈልጉም» አለን። ከሁለቱ አንዱ የሞተው ይህን ቃል በማመናችንና በራሳችን ችኩልነት ነው። ዘንድሮም ሸርጣን የገዙ ሦስት ተማሪዎች ስለማውቅ የተማርሁትን ልጽፍ ተነሣሁ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና፣ ብሳሳት የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞችና እኅቶች ያርሙኝ።

የእንግሊዝኛ ስሙ «ባሕታዊ ሸርጣን» እንደ ማለት ነው። የኋለኛው ገላው ጽኑ ቅርፊት ስለሌለው፣ ባለቤቱ የሞተበትን የቀንድ አውጣ ዛጎል ፈልጎ ይገባበትና እንደ ዋሻ ተሸክሞት ይዞራል። ሊቃውንቱ ግን ኮኤኖቢታ ብለውታል፤ ይህም ከግሪክ የመጣ ቃል ሲሆን በአንድነት ገዳም የሚኖር መነኩሴ ማለት ነው። ስሞቹ ይጣላሉ፤ እውነቱ ግን ለሁለቱም ይፈርዳል። ከመሬት በላይ ሳለ ከብጤዎቹ ጋር የሚኖር ፍጥረት ነው፤ ቅርፊቱን የሚለውጥበት ጊዜ ሲደርስ ግን ብቻውን አሸዋ ውስጥ ወርዶ ሱባዔ ይገባል። በአሜሪካ ሱቆች በብዛት የሚሸጠው ከካሪቢያን ጠረፍ ተይዞ የሚመጣው ዘር ነው፤ ዘመዱ በቀይ ባሕር ዳርቻም ይገኛል። በሚገባ ከተያዘ ከ30 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። የኛው በአራተኛው ወር ሞተ።

የሰው አጥንት ከሥጋው ጋር አብሮ ያድጋል። የሸርጣን ቅርፊት ግን እንደ ብረት ልብስ ከውጭ የተደረበ ስለ ሆነ አያድግም፤ ገላው ሲፋፋ ይጠበዋል። ስለዚህ በአሮጌው ሥር አዲስ ለስላሳ ቅርፊት ያበጃል፤ ውሃና ስብ በገላው ያከማቻል፤ ከዚያም እርጥብ አሸዋ ቆፍሮ ራሱን የምታህል ጓዳ ይሠራና በጨለማ አሮጌውን ይገፍፋል። እግሩ ተቆርጦ የነበረ እንደ ሆነ በዚሁ ጊዜ ይበቅልለታል። ከገፈፈ በኋላ ግን ገላው ለስላሳ ስለ ሆነ መራመድም ራሱን መከላከልም አይችልም። የጣለውን ቅርፊት መልሶ ይበላዋል፤ አዲሱ የሚጠነክርበት ካልሲየም እዚያ ውስጥ አለና። ይህ ሁሉ ለትንሹ ጥቂት ሳምንት፣ ለትልቁ ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል።

የኛ ሸርጣን ውሃ ያበዛ፣ ይፈዝና ጠጠሩን ይጭር ጀመር፤ ዓይኑም ደመና የለበሰ መሰለ። አዝነንለት በመስታወት ሣጥን አሸዋ አዘጋጀንለትና ወዲያው ገባበት። እስከዚህ ደኅና ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን «ሞቶ ይሆናል» ተባባልንና በማንኪያ ቆፈርነው። አልሞተም ነበር። ጓዳው ተደረመሰበት፤ እኛም ሐመር የሆነ ለስላሳ ገላ በማንኪያ ይዘን ቀረን። በማግሥቱ ሞተ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር አሸዋው ነው። ጥልቀቱ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር፣ ሸርጣኑ ትልቅ ከሆነም የቁመቱን ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። አምስት እጅ አሸዋ ከአንድ እጅ የኮኮነት ቃጫ ጋር ይደባለቃል፤ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ ያህል ይረጥባል እንጂ ከሥሩ ውሃ አይቋጥርም፤ ከተቋጠረ ይበሰብስና የተቀበረውን ይገድላል። የሚረጥበትም የሚጠጣውም ውሃ ክሎሪኑ የወጣለት ይሁን። አንድ ሳሕን ንጹሕ ውሃ፣ አንድ ሳሕን ደግሞ በባሕር ጨው የተበጠበጠ ያስፈልጋል፤ የወጥ ጨው አይሆንም። የሚተነፍሰው በስንጥብ ስለ ሆነ የአየሩ እርጥበት ከ80 በመቶ ባይወርድ፣ ሙቀቱም ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። የሽቦ ቤት ስለዚህ ነው የማይረባው። ማሞቂያውን ከሣጥኑ ጎን ለጥፉ፤ ከሥር ከሆነ የተቀበረውን ያቃጥላል። ከሱባዔ በፊት የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ስጡት፤ ሲወጣ ቤት እንዳይጠበውም ሰፋ ያሉ፣ ቀለም ያልተቀቡ ዛጎሎች ይጠብቁት።

አንዳንዱ ቦታ ሲያጣ ከአሸዋው በላይ ይገፍፋል። ያን ጊዜ ጓደኞቹ በሽታው ይደርሱበትና ይበሉታል፤ ስለዚህ ሳትነኩት የተቆረጠ ፕላስቲክ ጠርሙስ ድፉበት፤ ጠርሙሱንም በጨርቅ አጨልሙ፤ የጣለውን ቅርፊት ግን አትውሰዱበት። ከዛጎል ውጭ የወደቀ ሸርጣን ብታዩ ቶሎ አትቅበሩ፤ ባዶና ቀላል ከሆነ ሬሳ ሳይሆን የተጣለ ልብስ ነው። የተቀበረውን ግን በአፍንጫችሁ ካልሆነ በቀር አትመርምሩት፤ የሞተ እንደ ሆነ የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል፤ ካልሸተተ ተዉት።

ሁለተኛው ሸርጣናችን አሁን ከአሸዋ ሥር ነው፤ ዛሬ 47ኛ ቀኑን ይዟል። ጓደኛዬ ማንኪያዎቹን ሁሉ ሣጥን ውስጥ ቆልፎባቸዋል፤ ሻዩን የምናማስለው በእርሳስ ነው።