ከመሬት የተገኘውን የአክሱም ገንዘብ ስለ መለየት

በአክሱም ዙሪያ የክረምት ጎርፍ አፈሩን አጥቦ ካለፈ በኋላ፤ ገበሬው ወይም እረኛው አረንጓዴ ዝገት የለበሰች ትንሽ መዳብ ማንሣቱ የታወቀ ነገር ነው። በዛሬው ዘመንም ከመሬት በታች ያለውን ብረት በድምፅ የሚያመለክት መሣሪያ ስለ ወጣ፤ እንዲህ ያለውን ለመፈለግ የሚደክሙ ሰዎች በየአገሩ ብዙ ናቸው። ያገኘ ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ አስቀድሞ የሚያደርገው በሎሚና በአመድ ማሸት ነው፤ ይህም እጅግ የከፋ ሥራ ነው። የአክሱም አንጥረኞች በአንዳንዱ የብርና የመዳብ ገንዘብ ላይ፤ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል፤ ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበርና አመዱ ዝገቱን ሲያነሣ ወርቁንም አብሮ ይወስደዋል።

ስለዚህ እጅ ሳይቸኩል ዓይን ይመልከት። ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ ቢታይ ገንዘቡ ከክርስትና በፊት የተሠራ ነው፤ መስቀል ቢታይ ግን ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው መቶ ዓመት ካመነ ወዲህ ነው። ኢዛና በሁለቱም ምልክት ገንዘብ አሠርቷልና፤ የአንድ መንግሥት ሃይማኖት መለወጥ ጥፍር በምታህል ብረት ላይ መነበቡ ያስደንቃል።

ወርቁ ለባሕር ማዶ ንግድ ስለ ታሰበ ጽሕፈቱ በጽርእ ነው፤ የንጉሡንም ራስ ሁለት የእህል ዛላ ከግራና ከቀኝ ይከብበዋል። ግዕዙ በብርና በመዳብ ላይ ይበዛል። በቤተ ክርስቲያን የተማረ ሰው እንኳ መጀመሪያ ይደናገራል፤ ፊደሉ በአብዛኛው ያለ ካዕብና ያለ ሣልስ ስለሚቀረጽ ንጉሠ አክሱም የሚለው ነገሠ አከሰመ ሆኖ ይገኛልና። የአንጥረኛ ሚዛንም ይረዳል፤ በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገንዘብ ማሠራት የጀመረው የንጉሥ እንድቢስ ወርቅ 2.7 ግራም ያህል ሲመዝን የኋለኞቹ ወደ 1.6 ግራም ወርዷል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የተገኘበት ስፍራ ነው። በችሎት ፊት የቆመ ምስክር የትና መቼ እንዳየ ካልተናገረ ቃሉ ጎዶሎ እንደሚሆን፤ ስፍራው ያልታወቀ ገንዘብም እንዲሁ ነው። በ1992 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ ፈልጎ ማውጣትን ከልክሏል፤ በድንገት ያገኘም ወዲያው እንዲያስታውቅ አዝዟል። እንግዲህ ያገኘ ሰው ሳያጥብ በንጹሕ ወረቀት ይጠቅልለው፤ በወረቀቱም ላይ የእርሻውን ስም፤ ጥልቀቱንና ቀኑን ጽፎ ለቅርስ ባለሥልጣን ያስረክብ።