በማሳቹሴትስ ከተሞች የመሬት ግዢና የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ የሚወሰንበት ሥርዓት

ማንኛውም ሕዝብ ከአባቶቹ የተረከበውን ሁሉ ጠብቆ ሊያቆይ አይችልም፤ ስለዚህ የቱ እንዲቆይ፣ የቱ እንዲቀር የሚለይበት ሥርዓት ያስፈልገዋል። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ለዚህ ተግባር የሚውለውን ገንዘብ የመመደብ ሥልጣን በሕግ ለየከተማው ነዋሪዎች ሰጥቷል። ይህ ሥርዓት ምርጫው በማን እጅ እንደሚፈጸምና ወሰኑም የት ላይ እንደሆነ ለመመርመር የሚያመች ምሳሌ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥርዓቱ መነሻ ሐሳብ በደሴቶች ላይ ተሞክሮ ነበር። ናንታኬት በተባለችው ደሴት በ1983 ዓ.ም. በወጣ ሕግ መሠረት መሬት ሲሸጥ ከዋጋው ከመቶ 2 እየተከፈለ ያልተገነባበት ሜዳና የባሕር ዳርቻ ለሕዝብ ይገዛበታል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የማኅበረሰብ ጥበቃ ሕግ ደግሞ ጉዳዩን ለክፍለ ግዛቱ ከተሞች ሁሉ ከፈተው። ሆኖም ሕጉ በግድ አይጫንም፤ የሚጸናው የከተማው ነዋሪዎች በድምፅ ሲቀበሉት ብቻ ነው። የተቀበለው ከተማ በቤትና በመሬት ግብር ላይ እስከ ከመቶ 3 የሚደርስ ጭማሪ ይጥላል፤ ጭማሪው የሚታሰበውም ከግብሩ እንጂ ከንብረቱ ዋጋ አይደለም። ክፍለ ግዛቱም በበኩሉ የርስት ውል ሲመዘገብ ከሚሰበሰበው ልዩ ክፍያ ድርሻ ይጨምርለታል። ከ351ዱ ከተሞች ከግማሽ የሚበልጡት ሕጉን ተቀብለዋል፤ ቦስተን የተቀበለችው በ2016 ዓ.ም. ነው።

ገንዘቡን የሚመለከተው ኮሚቴ ከ5 ያላነሱና ከ9 ያልበለጡ አባላት አሉት። ከእነዚህም መካከል አምስቱ የተፈጥሮ ጥበቃ፣ የታሪክ ጥበቃ፣ የከተማ ፕላን፣ የመናፈሻና የመኖሪያ ቤቶች ጉዳይ አካላት እንደራሴዎች ናቸው። በየዓመቱ ከሚገኘው ገቢ ቢያንስ ከመቶ 10 ለክፍት መሬት፣ ከመቶ 10 ለታሪካዊ ቅርስ፣ ከመቶ 10 ደግሞ አቅማቸው ለሚያንስ ነዋሪዎች መኖሪያ እንዲውል ወይም ለዚሁ እንዲቀመጥ ሕጉ ያዛል። የቀረው በከተማው አስተያየት የሚደለደል ነው።

ኮሚቴው የሚቀርቡለትን ማመልከቻዎች መርምሮ የውሳኔ ሐሳቡን ለከተማው ሸንጎ ያቀርባል። በብዙዎቹ ትንንሽ ከተሞች ይህ ሸንጎ የተመዘገበ መራጭ ሁሉ ተገኝቶ የሚናገርበትና ድምፅ የሚሰጥበት፣ ከ17ኛው መቶ ዓመት የወረደ ጉባኤ ነው። ሸንጎው ኮሚቴው ካቀረበው ገንዘብ ሊቀንስ ወይም ጨርሶ ሊከለክል ይችላል፤ ሊጨምር ግን አይችልም፤ ኮሚቴው ላላቀረበው ነገርም ከዚህ ገንዘብ አይመድብም። እንግዲህ የመጨረሻው ቃል የሸንጎው ቢሆንም፣ ወደ ሸንጎው የሚያስገባው በር በጥቂት ሰዎች እጅ ነው።

መሬት ሲገዛ ሁለት ጥብቅ ደንቦች አሉ። አንደኛው፣ ዋጋው በግምት ከተረጋገጠው የንብረቱ ዋጋ መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው፣ መሬቱ ለተገዛበት ዓላማ ብቻ እንዲውል የሚያስገድድ ዘላቂ ገደብ በውሉ ላይ ይታሰራል። በአንድ ምሽት የተሰጠ ድምፅ ገና ያልተወለዱትን ጭምር የሚያስር በመሆኑ፣ በየሸንጎው ክርክሩ የሚበረታበት ምክንያት ይገባል።

ታሪካዊ ቅርስን በሚመለከት ሕጉ ለአካባቢው ሰፊ ሥልጣን ይሰጣል። አንድ ሕንፃ ወይም ዕቃ በክፍለ ግዛቱ የታሪክ መዝገብ ባይገባም እንኳ፣ የከተማው የታሪክ ጥበቃ ኮሚሽን ለከተማው ታሪክ፣ ባህል ወይም የሕንፃ ጥበብ ትርጉም እንዳለው ከወሰነ ለገንዘቡ ብቁ ይሆናል። በዚህም ምክንያት የታላላቅ ሰዎች ቤት ብቻ ሳይሆን የተራ ሰው መቃብር ድንጋይም ሊታደስ ችሏል።

ይሁን እንጂ ይህ ሥልጣን ወሰን እንዳለው የአክተን ከተማ ጉዳይ አሳይቷል። በ2016 ዓ.ም. የከተማው ሸንጎ ኮሚቴው ባቀረበው መሠረት፣ በአገልግሎት ላይ ላለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ባለቀለም የመስተዋት መስኮቶች ማደሻ 51,237 ዶላር፣ ለሕንፃዎቹ የጥበቃ ጥናት ደግሞ 49,500 ዶላር ፈቀደ። ከመስኮቶቹ ዋናው ኢየሱስንና የተንበረከከች ሴትን የሚያሳይ ነበር። ግብር ከፋዮች፣ የክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት የሕዝብ ገንዘብ ለሃይማኖት ተቋም እንዳይሰጥ ይከለክላል ብለው ከሰሱ። የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 ዓ.ም. የመስኮቶቹ ክፍያ እንዲታገድ፣ የጥናቱ ጉዳይ ግን በሥር ፍርድ ቤት ዳግመኛ እንዲመረመር አዘዘ። ሆኖም ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ከገንዘቡ ይውጣ አላለም፤ የስጦታው ዓላማ፣ ለተቋሙ የሚያስገኘው ጥቅምና ሕገ መንግሥቱ ሊከላከለው የፈለገው አደጋ በእያንዳንዱ ጉዳይ ተለይተው እንዲመዘኑ ወሰነ።

መስኮቱ ለከተማው የታሪክ ቅርስ፣ ለምእመኑ የጸሎት ዕቃ ነበር፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንድን ነገር ቅርስ ብሎ መሰየም ለጠባቂው ገንዘብን፣ ለነገሩም አዲስ ትርጉምን ያመጣል፤ የቀድሞው ትርጉም ግን በዚያው አይሻርም። ስለዚህ የእነዚህን ኮሚቴዎች ቃለ ጉባኤ የሚመረምር ሰው፣ የከተማውን ሂሳብ ብቻ ሳይሆን ነዋሪዎቹ የጋራችን ነው የሚሉትንና በዚህ ላይ የሚለያዩበትን ነጥብ ያገኝበታል።