ከሞት በኋላ የሚከፈት ዐውደ ርእይ፦ የሂልማ አፍ ክሊንት ሥዕሎችና የሥነ ጥበብ ታሪክ አጻጻፍ



አንድ ሠዓሊ ካረፈ በኋላ ሥራዎቹ ለሕዝብ ሲቀርቡ «የተረሳ ሊቅ ተገኘ» ማለት የተለመደ ነው። ይህ አባባል ግን የእውነቱን ግማሽ ብቻ ይይዛል። እንዲህ ያለው ዐውደ ርእይ ተሰውሮ የቆየውን ከመግለጥ አልፎ፣ ራሱ ታሪክን የሚጽፍ ክርክር ነው። ይህን ለማስረዳት የስዊድናዊቷን ሠዓሊ የሂልማ አፍ ክሊንትን ጉዳይ አብነት አድርጌ እወስዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሂልማ በ1862 በስቶክሆልም አቅራቢያ በሶልና ተወለደች። ከ1882 እስከ 1887 በስቶክሆልም በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተምራ፣ የመልክዐ ምድርና የሰው ምስል እየሣለች ትተዳደር ነበር። ከዚህ ሙያዋ ጎን ለጎን በ1896 ከአራት ሴት ጓደኞቿ ጋር «አምስቱ» የተባለ ቡድን መሠረተች። ቡድኑ በዘመኑ በአውሮፓ ተስፋፍቶ የነበረውን ከመናፍስት ጋር የመነጋገር ልምምድ ይከተል ነበር። ከ1906 እስከ 1915 የተሣሉትና «የቤተ መቅደሱ ሥዕሎች» የተባሉት 193 ሥራዎች የዚህ መንፈሳዊ ፍለጋ ፍሬ ናቸው። ከእነርሱም መካከል በ1907 የተሠሩት «ዐሥሩ ታላላቆች» እያንዳንዳቸው ከ3 ሜትር በላይ ቁመት አላቸው፤ የሰውን ልጅ ዕድሜ ከሕፃንነት እስከ እርጅና በጠመዝማዛ መስመር፣ በክብና በአበባ መሰል ቅርጽ ይተርካሉ። ቫሲሊ ካንዲንስኪ የረቂቅ ሥዕል ፈር ቀዳጅ ያሰኙትን ሥራዎች የሠራው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ነው።

ታዲያ እነዚህ ሥዕሎች ለምን ሳይታዩ ቆዩ? ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛው የራሷ ውሳኔ ነው፤ በ1944 ስታርፍ ሥራዋን ለወንድሟ ልጅ ለኤሪክ አፍ ክሊንት አወረሰች፤ ምልክት ያደረገችባቸው ሥራዎችም እርሷ ከሞተች 20 ዓመት ሳይሞላ እንዳይታዩ አዝዛ ነበር። ሁለተኛው የተቋማት ፍርድ ነው፤ በ1970 ስብስቡ ለስቶክሆልሙ ሞደርና ሙዚየት በስጦታ ሲቀርብ ሙዚየሙ አልተቀበለውም። ሦስተኛው የታሪክ አጻጻፍ ልማድ ነው፤ የረቂቅ ሥዕል ልደት የተተረከው በሠዓልያን ማኅበራት፣ በመጽሔቶችና በዐውደ ርእዮች በኩል ስለሆነ፣ በዚያ መድረክ ላይ ያልቆመ ሰው በትረካው ቦታ አላገኘም። በ2012 መገባደጃ በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለ ረቂቅ ሥዕል ልደት የተከፈተው ታላቅ ዐውደ ርእይ እንኳ ሥራዎቿን አላካተተም።

ለውጡ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1986 በሎስ አንጀለስ መንፈሳዊነትንና ረቂቅ ሥዕልን በሚመለከት ዐውደ ርእይ ላይ ሥራዎቿ ከሌሎች ጋር ቀረቡ። በ2013 ስጦታውን ቀድሞ ያልተቀበለው ሞደርና ሙዚየት ራሱ ሰፊ ዐውደ ርእይ አዘጋጀላት። ከ2018 እስከ 2019 በኒው ዮርኩ ጉገንሃይም ሙዚየም የቀረበውን ደግሞ ከ600,000 በላይ ሰው ጎበኘው።

ይህ ድል ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል። የመጀመሪያው «ቀዳሚው ማን ነው?» የሚለው ክርክር ነው። ሂልማ ሥዕሎቿን ከላይ እንደተቀበለችው መልእክት ትቆጥራቸው ነበር። «የመጀመሪያዋ ረቂቅ ሠዓሊ» ስንላት ለክብሯ ብለን ያልሮጠችውን ሩጫ አሸናፊ እናደርጋታለን፤ የሥራዋንም መንፈሳዊ ትርጉም ወደ ጎን እንገፋለን። ሁለተኛው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች በእነዚህ ሥዕሎች ላይ አና ካሴልና ሌሎች ጓደኞቿም እጃቸው እንዳለበት ያመለክታሉ። በጋለሪው ግድግዳ ላይ ግን የሚነበበው ስም አንድ ነው። የአንዲትን ሴት መረሳት ለማረም የተከፈተ ዐውደ ርእይ ሌሎች ሴቶችን መልሶ ሊያስረሳ ይችላል ማለት ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ከ1,200 በላይ ሥዕሎችና 26,000 ያህል ገጽ ማስታወሻ ለዚህ የበቁት ቤተሰቡ ስለጠበቃቸው ነው። ባይጠበቁ ኖሮ የሚታረም ታሪክም አይኖርም ነበር፤ ስንት ሥራ በዚህ መንገድ እንደጠፋ ደግሞ ማንም ሊቆጥረው አይችልም። ስለዚህ ወደ እንዲህ ያለ ዐውደ ርእይ ስትገቡ ሥዕሉን ካደነቃችሁ በኋላ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ማን አስቀመጠው? ማን መረጠው? በመግለጫው ላይ ያልተጻፈው የማን እጅ ነው? የሥነ ጥበብ ታሪክ ጥናት የሚጀምረው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው።