የማይድነው የውሻ ጅራት፦ እውነት ወይስ ተረት?

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ። አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት የግቢያችን የቆርቆሮ አጥር ደም ተረጭቶበት አገኘሁት። ነጠብጣቡ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ከአጥሩ ጥግ እስከ ውሻው ቤት ድረስ ተሰልፏል። ሌሊት ጅብ ገብቷል ብለን ውሻችንን ቡቺን አገላብጠን አየነው። አንገቱ ደህና፣ እግሩ ደህና፣ ሆዱ ደህና። ነገሩ የተገለጠው እኛን በማየቱ ደስ ብሎት ጅራቱን መቁላት ሲጀምር ነው። ጅራቱ ቆርቆሮውን በመታ ቁጥር አጥሩ ኳ ይላል፤ በየምቱም አዲስ የደም ፍንጣቂ ይረጫል። ያዝ አድርጌ ሳየው የጅራቱ ጫፍ ፀጉሩ ተመልጧል፣ ቆዳው ተሰንጥቆ ቀይ ሥጋው ይታያል።

ያ ቁስል እስኪድን አምስት ወር ፈጀ። አምስት ወር የሚያስቆይ ቁስል ሆኖ አይደለም። አራቱን ወር ያባከንነው ሰው የነገረንን ሁሉ ስንሞክር ነው፤ መካሪዎቻችን ሁሉም ደግሞ ከልባቸው አዝነውልን ነበር። ዛሬም በሆጤም በጢጣም እንዲህ ጅራቱ የሚደማ ውሻ ባየሁ ቁጥር ያንኑ ምክር እሰማለሁ። ስለዚህ አንድ በአንድ ልመልሰው።

ተረት፦ «ደሙ መጥፎ ነው፤ ቁስል አይድንለትም።»

ይህን ያላለኝ የሰፈር ሰው የለም። ዓይን ገብቶበት ነው ያሉም ነበሩ።

እውነቱ ያለው በጅራቱ አሠራር ላይ ነው። የውሻ ጅራት የአከርካሪ አጥንት ቅጥያ ነው፤ እንደ ዝርያው ከ6 እስከ 23 የሚደርሱ ትንንሽ አጥንቶች ተሰካክተው የሠሩት። ወደ ጫፉ በሄደ ቁጥር ሥጋውም ስቡም እያለቀ ይመጣና መጨረሻ ላይ የሚቀረው አጥንት፣ ስስ ቆዳና ቀጫጭን የደም ሥር ብቻ ነው። ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ ያስጮኸ ልጅ ሁሉ ቀሪውን ያውቀዋል፤ እጅ ትንሽ ሲወናጨፍ ጫፉ ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ይሄዳል። ጉልበተኛ ውሻ ጅራቱን ሲቆላም እንደዚያው ነው። ያ ጫፍ ብረት ወይም ግንብ ሲያገኝ ይሰነጠቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው አዙሪት ነው። ቁስሉ ሦስት አራት ቀን ፋታ ሲያገኝ ቅርፊት ይይዛል። ጌታው ከሥራ ሲመለስ ውሻው ይደሰታል፣ ይቆላል፣ ቅርፊቱ ይላቀቃል። በማግስቱም እንዲሁ። ችግሩ ባለበት ሁሉ ስሙም የታወቀ ነው፤ ፈረንጆቹ «ደስተኛ ጅራት» እንደ ማለት ያለ ስም ሰጥተውታል። ለውድድር መድረክ የሚያሳድጓቸው ቀልጣፋ ውሾችም፣ ለአደን የሚያሠለጥኗቸውም፣ የኛ ቡቺም በዚህ አንድ ናቸው፤ ጤነኛና ደስተኛ በመሆናቸው ይቆስላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የብሪታኒያ ጥናት ወደ እንስሳት ክሊኒኮች የመጡ 138,212 ውሾችን መዝገብ መርምሮ 281 የጅራት ጉዳት አግኝቷል። ከሦስቱ ጉዳት አንዱ ያህል የደረሰው ጅራት ከግድግዳ ወይም ከቤት ዕቃ ጋር ሲጋጭ ነው። ጅራታቸውን በሰፊው የሚቆሉትና በውሻ ቤት ውስጥ የሚኖሩት ከሌሎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ።

የደሴን ግቢ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። ከተማችን በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ናት፤ ግቢው ጠባብ፣ አጥሩ ቆርቆሮ። ውሻው ቀን ቀን በአጭር ሰንሰለት በአጥሩና በቤቱ ግድግዳ መካከል ይታሰራል፤ የሚለቀቀው ሲመሽ ነው። ግራ ሲቆላ ቆርቆሮ፣ ቀኝ ሲቆላ ብሎኬት። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ጉልበት ደግሞ በዚያች ሰው በሚያይባት ደቂቃ በጅራቱ በኩል ይወጣል።

ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው ሐኪም አልነበረም። አጥር የሚያዋስኑን ሐጂ ናቸው። ለሶላት ልብሳቸውን ስለሚጠብቁ ውሻውን አይነኩትም፤ የበጋ ፀሐይ ሲበረታ ግን በአጥሩ ሥር ውሃ በጣሳ ያሳልፉለታል። «ልጄ፣ ይሄ ቆርቆሮ እኮ ሌሊቱን ሲንኳኳ ነው የሚያድረው። ውሻው ከሱ ራቅ ቢል ምናለበት?» አሉኝ። አራተኛው ወር ላይ ነበርን።

ተረት፦ «ተወው፣ ልሶ ያድነዋል።»

ይህኛው ሥሩ ጥልቅ ነው። በወንጌል የአልዓዛርን ቁስል ውሾች እንደላሱለት የሰማ ሁሉ የውሻ ምላስ መድኃኒት ይመስለዋል። የውሻ ምራቅ አንዳንድ ተሕዋስያንን በመጠኑ እንደሚያዳክም በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ተረቱ ከባዶ አልተነሣም። ነገር ግን ያው ምራቅ ሌሎች ቁስል የሚያመግሉ ተሕዋስያንን የያዘ ነው፤ የምላሱ ሸካራነትም አዲስ የወጣውን ስስ ቆዳ ይፍቀዋል። ውሻው ከመላስ አልፎ መንከስ ከጀመረ ደግሞ ጫፉን እስከ አጥንቱ ሊበላው ይችላል።

መከልከያው አንገት ላይ የሚጠለቅ ሾጣጣ መከለያ ነው። ገበያ ላይ ካጣችሁ ያረጀ የፕላስቲክ ባልዲ ቂጡን ቆርጣችሁ፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ከአንገት ማሰሪያው ጋር በገመድ አያይዙት። ቡቺ ሁለት ቀን ተነጫነጨ፣ በሦስተኛው ለመደው።

የሰው ቁስል ግን በፍጹም ውሻ እንዳይልሰው። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ነው የሚተላለፈው፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ሞት 99 በመቶው ከውሻ የመጣ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል።

ተረት፦ «ቡና ነስንስበት።»

እማማ ጎረቤታችን የተወቀጠ ቡና በስኒ ይዘው መጡ። ሌላው አመድ አለ፣ ጋራዥ የሚሠራው ደግሞ የተቃጠለ ዘይት። ደም በቡና ማቆም በየቤታችን ያደግንበት ነገር ስለሆነ እኔም ነሰነስኩበት። ቡቺ ላሰው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው፤ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ያንቀጠቅጣል፣ መጠኑ ከበዛ ይገድላል። አመድና ዘይት ደግሞ ቁስሉ ውስጥ ቆሻሻ ያስገባሉ እንጂ አያደርቁትም።

ደሙን የሚያቆመው በንጹሕ ጨርቅ ይዞ አምስት፣ አሥር ደቂቃ ሳይለቁ መጫን ነው። ማጠቢያው ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ የተሟሟ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። እጅ ላይ ጓንት፣ አፉ ላይ ማሰሪያ ያስፈልጋል፤ ያመመው ውሻ ጌታውንም ይነክሳልና።

ከቡናውም የባሰ ግን የሰው የሕመም ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱን ሥራ ሊያስፈቱ ይችላሉ። «ግማሽ ፍሬ ምን ታደርገዋለች» ተብሎ የሚሰጥ አይደለም።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ላለ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከፍታው ግን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ናት። ሙቀቱ ዝንብ ያበዛል። ክፍት የዋለ የጅራት ቁስል ላይ ዝንብ እንቁላል ከጣለች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ትል ይወጣል። ስለዚህ ቁስሉ እዚያ በየዕለቱ መታየት አለበት፤ ትል ከታየ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ነው።

ተረት፦ «ጥብቅ አድርገህ እሰረው።»

አሰርኩት። በሦስተኛው ቀን ፋሻውን ስፈታ ጫፉ ጠቁሮ፣ ቀዝቅዞ፣ መሽተት ጀምሯል። ጥብቅ ፋሻ ደም ወደ ጫፉ እንዳይደርስ ይከለክላል፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል። በወቅቱ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ባይደርስልን ኖሮ ጅራቱን በእጄ ገድዬው ነበር።

እሱ ያሳየኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቁስሉ ላይ የማይጣበቅ፣ ቫዝሊን የነካው ጎዝ ይደረጋል። ከላዩ ላላ ያለ ፋሻ። ፕላስተሩ እንደ ቀለበት እየዞረ አይጠመጠምም፤ በጅራቱ ርዝመት ወደ ላይ ተዘርግቶ ከፀጉሩ ጋር ይያያዛል፣ ከዚያ በስሱ ይደገፋል። ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው፤ ምቱን የሚቀበል ነገር ማልበስ። እሱ የትልቅ ሲሪንጅ ቀፎ ጫፉን ቆርጦ፣ አየር እንዲገባ በጋለ መርፌ በሳስቶ አጠለቀለት፤ ውስጡን በፍራሽ ስፖንጅ ሞላው። ቀፎ ሲጠፋ የትንሽ ሃይላንድ አንገትም ይሆናል አለኝ። ፋሻው ከረጠበ በዚያው ቀን፣ ካልረጠበም በሁለት ቀን አንዴ ይቀየራል። ጅራቱ ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከሸተተ ወዲያው ይፈታል።

ተረት፦ «ቆርጠህ ጣለው፤ ኃይለኛም ይሆንልሃል።»

እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚቃጠለው። በየሰፈሩ ቡችላ ጆሮውና ጅራቱ በቢላዋ ወይም በምላጭ ይቆረጣል፣ አለበለዚያ በክር ታስሮ ይደርቃል፤ ያለ ማደንዘዣ። ምክንያቱ ሲጠየቅ ኃይለኛ እንዲሆን ነው ይባላል።

የተቆረጠ ጅራት ውሻን ኃይለኛ አያደርግም። የውሻ ጠባይ ከዘሩ፣ ከአስተዳደጉና ከደረሰበት ነገር ነው የሚመጣው። ቡችላው ከቢላዋው የሚማረው ነገር ካለ የሰውን እጅ መፍራት ነው፤ የፈራ ውሻ ደግሞ የጌታውንም ልጅ ይነክሳል። ሀሳቡ የኛ ብቻ አይደለም። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው የእርሻ ጸሐፊ ኮሉሜላ የቡችላን ጅራት ጫፍ መቁረጥ ከእብድ ውሻ በሽታ ይከላከላል ብሎ ጽፏል። ዛሬ እንደምናውቀው ከዚያ በሽታ የሚከላከለው ክትባት ነው።

«እንዳይቆስል አስቀድሜ ልቁረጠው» ለሚል ደግሞ ያው የ2010 ጥናት መልስ አለው፤ አንድ የጅራት ጉዳት ለማስቀረት 500 ያህል ውሾች ጅራታቸውን ማጣት አለባቸው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከተወሰኑ የሥራ ውሾች በስተቀር ጅራት መቁረጥን ከልክላለች፤ ከዚያ ወዲህ የተቆረጠ ውሻ ሕዝብ ከፍሎ በሚገባበት የውሻ ትርኢት ላይ አይቀርብም። ጅራት ደግሞ አንደበት ነው። የካናዳው ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሥራ ረጅምና አጭር ጅራት የሚቀያየርለት ሰው ሠራሽ ውሻ ሜዳ ላይ አቁመው ነበር። ረጅሙ ጅራት ሲቆላ ሌሎች ውሾች በልበ ሙሉነት ይጠጋሉ፣ ቀጥ ሲል ይጠነቀቃሉ፤ ከአጭሩ ጅራት ግን ምንም ሊያነቡ አልቻሉም።

መቁረጥ የሚገባበት ጊዜ የለም አልልም። አጥንቱ ከወጣ፣ ሥጋው ከሞተ፣ ወይም ይህ ሁሉ ተሞክሮ ቁስሉ እየተመላለሰ ካስቸገረ ሐኪም በማደንዘዣ፣ ጤናማው ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። ያኔም በቂ ያህል ማሳጠር አለበት፤ ግድግዳ የሚደርስ ጉቶ ከተረፈ ቁስሉ ጉቶው ላይ ይቀጥላል። ክሊኒኮቻችን በአብዛኛው የለመዱት ላምና በግ፣ አህያና በቅሎ ነው፤ ቢሆንም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እዚሁ ደሴ ነው ያለው። «የውሻ ሐኪም የት ይገኛል» ብሎ ምላጭ ማንሣት ምክንያት አይሆንም።

ተረት፦ «ጅራቱን እየቆላ ነው፣ አይነክስም።»

ይነክሳል። መቁላት የስሜት መነሣሣት ምልክት ነው፤ ስሜቱ ደስታም ቁጣም ሊሆን ይችላል። የጣሊያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት ውሻ ጌታውን ሲያይ ጅራቱ ወደ ቀኝ ያደላል፣ የሚያስፈራውን እንግዳ ውሻ ሲያይ ወደ ግራ። ላላ ብሎ ወገቡን ሁሉ የሚያወዛውዘውና ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ጫፉን ብቻ የሚያንቀጠቅጠው አንድ አይደሉም። በተለይ የቁስሉ መነሻ ካልታወቀ፣ ሌላ ውሻ ወይም ጅብ ነክሶት ሊሆን ይችላልና በባዶ እጅ አትንኩት። ያልተከተበ ውሻ ድንገት ጠባዩ ተለውጦ ቁስሉን አምርሮ የሚነክስ ከሆነ ለብቻው ዘግታችሁ ሐኪም ጥሩ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

የቡቺን ቤት ሐጂ እንዳሉት ከአጥሩ አርቀን ወደ ግቢው መሐል አመጣነው። ሰንሰለቱን ፈትተን በግቢው ርዝመት በተወጠረ ሽቦ ላይ የሚንሸራተት ገመድ አደረግንለት። ማታ ከመለቀቁ በፊት ልጄ ሽቅብ ግማሽ ሰዓት ታራምደዋለች። እኔም ከሥራ ስገባ መጀመሪያ ዝም ብዬ አልፈዋለሁ፤ ሲረጋጋ ሜዳው ላይ ቁጭ ብዬ እጠራዋለሁ። በአምስተኛው ሳምንት የሲሪንጁ ቀፎ ወለቀ። ጫፉ ላይ የሣንቲም ያህል ፀጉር ያልበቀለበት ግራጫ ቆዳ አለ። ቆርቆሮው ላይ ያለው የደም ነጠብጣብ ከዝገቱ ጋር ተመሳስሏል፤ ሌሊት ግን ኳ የሚል ነገር የለም።