ገጠር ገብቶ ለመቀመጥ የሚከፈል ብር

ለሙዚቃ ሥራዬ የጠየቅሁት ድጋፍ መጽደቁን ከነገርኳችሁ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ገጠር ገብተህ እንድትቀመጥ ነው ብር የሚሰጡህ?»

አዎ፣ እንድቀመጥ ነው። ሬዚደንሲ ይሉታል። የሙዚቃ ደራሲው ስቱዲዮውን ዘግቶ ከአንድ ማኅበረሰብ ጋር ይከርማል፣ አብሮ ይዘፍናል፣ የሠራውንም መጀመሪያ የሚያሰማው እዚያው ለሰዎቹ ነው። ብሩ ለማደሪያ፣ ለመኪናና አዲስ አበባ ትቼው ለምሄደው የቤት ኪራይ ይሆናል።

ነገሩ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤላ ባርቶክ በ1907 እ.ኤ.አ.፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ ከመንግሥት ድጎማ አግኝቶ ዛሬ ሮማንያ ውስጥ ወደሚገኘው ወደ ትራንሲልቫንያ ተጓዘ። የያዘው የኤዲሰን ፎኖግራፍ ነበር፤ በሰም ሲሊንደር የሚቀዳ፣ አንዱ ሲሊንደር ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚይዝ።

ከጉዞው ሁሉ የምወደው አንድ ደብዳቤ ነው። ለቫዮሊን ተጫዋቿ ለስቴፊ ጌየር ሲጽፍ ከአንዲት ባላገር ጋር ያደረገውን ንግግር እንደ ቴአትር አድርጎ አስቀምጦታል። እሱ የድሮ ዘፈን ይለምናል፤ እሷ መዝሙር ታቀርብለታለች። እንደዚያ ያለ አይደለም ሲላት ሁሉም የሚያውቀውን የሰሞኑን ዘፈን ታመጣለች። መቼም ማንም ሴት በራፏ ላይ መሣሪያ ተሸክሞ ለቆመ እንግዳ የልቧን አትዘፍንም። እኔም ብሆን አልዘፍንም።

ቆይቶ ግን ያልጠበቀውን አገኘ፤ በትራንሲልቫንያው ቺክ አካባቢ የድሮዎቹ ዜማዎች በአምስት ድምፅ የተሠሩ ነበሩ። ትዝታና ባቲ እየሰማን ላደግን ለእኛ ይህ ምኑ ይገርማል? ቡዳፔስት የጀርመኖቹን ሙዚቃ ተምሮ ለመጣ ወጣት ግን የራሱን አገር እንደ አዲስ መስማት ነበር። እዚያው ከአንድ ዋሽንት ነፊ የቀዳቸውን ሦስት ዜማዎች ለፒያኖ አድርጎ ጽፏቸዋል። ሦስቱ ተደምረው አራት ደቂቃ እንኳ በቅጡ አይሞሉም። የዛሬ ገምጋሚ ቢያገኘው «ውጤቱ ይኸው ብቻ ነው?» ብሎ ሪፖርቱን ይመልስበት ነበር።

እኔ የምሄደው ዶርዜ ነው፤ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ደጋው ላይ። ብዙዎቻችን ዶርዜን የምናውቀው በሽሮ ሜዳ ሸማ ነው። ዘፈናቸው ግን ሌላ ዓለም ነው። እኛ የለመድነው አንዱ ሲያወጣ ሌላው መቀበሉን ነው፤ እዚያ ግን ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ ይዞ በሌላው ክፍተት ይገባል። አንድ ማይክ መሐል ላይ ብታቆም ሁሉም ተዋህዶ ስለሚቀዳ የቱ ከየት እንደመጣ አትለየውም። መለየት የሚቻለው የዘፋኞቹ ክብ ውስጥ ገብተህ፣ አንዷን ቁራጭ ተቀብለህ፣ ስትስት ሲስቁብህ ነው። ብሩ የሚገዛልኝ ይህንን ጊዜ ነው። ሸማኔዎቹ ከከተማ ወደ አገራቸው የሚገቡት ለመስቀል ስለሆነ ቀደም ብዬ እገባለሁ፤ እንግዳነቴ ትንሽ እንዲበርድ።

በጀቱን ስጽፍ መጀመሪያ ያስቀመጥኩት የዘፋኞቹን ክፍያ ነው። «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» በሚባል ስም ሰውን በነፃ ማስዘፈን ለእኔ ነውር ነው። ፎርሙ ላይ ለተጠቃሚዎች ብዛት አንድ ሣጥን አለ፣ ዘፈኑ የማን ነው ለሚለው ግን ቦታ የለውም። ስለዚህ በአባሪ ጻፍኩት፦ ከቀረጻው አንድ ቅጂ እዚያው ይቀራል፤ የዘፈኑት ሳይፈቅዱም አይለቀቅም።

አንድ ነገር ግን አልተፈታልኝም። ዘፈኑ የቡድን ነው፤ ክፍያው በነፍስ ወከፍ ይሁን ወይስ ለሽማግሌዎች ተሰጥቶ እነሱ ያከፋፍሉት? ከዶርዜም ሆነ ከሌላው የጋሞ ደጋ የሆናችሁ፣ አገር ቤት እንዲህ ያለው ገንዘብ ሳያጣላ እንዴት እንደሚካፈል የምታውቁ ጻፉልኝ። ውሉ ሳይፈረም ማስተካከል እችላለሁ።