«ሁለት ደቂቃ ብቻ!» እያልን ስንቱን አስቀየምን?

ዛሬ የመጣሁት ሰው ልወቅስ አይደለም፤ ራሴን ላሳጣ ነው። «እኔን ያየህ ተቀጣ» የሚባለው ለኔ ቢጤው ነውና እስቲ ጆሮ ስጡኝ።

የፋሲካ ዋዜማ ነበር። የአዲስ አበባን የበዓል ዋዜማ መቼም ታውቁታላችሁ፤ የሰዉ ሁሉ ቅቤና ዘይት በአንድ ቀን ያለቀ ይመስል ከተማው ይተረማመሳል። ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ ሱፐርማርኬት (ስሙ ይቆየን) ጎራ ብል የመኪና ማቆሚያው ጢም ብሏል። ሁለቴ ዞርኩ፤ የለም። ሦስተኛውን ዙር ስጀምር በሩ አጠገብ አንድ ሰፋ ያለ ክፍት ቦታ አየሁ። መሬቱ ላይ የዊልቸር ምልክት ተቀብቷል፤ መሀሉ ላይ ኮን ቆሟል።

«ፋዘር፣ ኮኗን አንሳልኝማ!» አልኩት ጥበቃውን።

«የአካል ጉዳተኞች ቦታ ነው ወንድሜ፤ ይቆጡኛል።»

«ሁለት ደቂቃ ብቻ! ደሞ በዚህ ሰዓት ማን ሊመጣ ነው?»

ሃምሳ ብር እጁ ላይ ጣል ሳደርግ ኮኗ ተነሳች። ያኔ እንደኔ ያለ አራዳ የለም ብዬ ነበር።

ምን አለፋችሁ፣ በሰልፉ ምክንያት ሁለት ደቂቃዋ ግማሽ ሰዓት ሆነች። ስወጣ አንዲት ትንሽ አሮጌ መኪና ከኋላዬ ቆማ መውጫ ዘግታብኛለች። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» እያልኩ ልጮህ ጠጋ ስል ክራንቾቹን አየሁ። ከሾፌሯ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተጋድመዋል። ሴትዮዋ በእናቴ ዕድሜ ናቸው። ስድቡን ስጠብቅ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«ቸኩለህ ነው ልጄ?»

«ይቅርታ እናቴ… ቅርብ ስለሆነ ነው…»

«እኔ እኮ ቅርብ ስለሆነ አይደለም የምፈልገው። ሌላ ቦታ ሳቆም በሩ ሙሉ ለሙሉ አይከፈትልኝም። በሩ ካልተከፈተ ይሄን እግሬን ማውጣት አልችልም። ባለፈው ገብቼ ስመለስ አንዱ ተጠግቶኝ አቁሞ፣ እሱ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ውጭ ቆሜያለሁ።»

መኪናዬን ላወጣላቸው ስጣደፍ ሰዓታቸውን አዩ። «ተወው፣ አሁንስ መሸብኝ።»

«የሚፈልጉትን ይንገሩኝና ሮጥ ብዬ ልግዛልዎት!»

«አይ ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ራሴ መርጬ ልገዛ ነበር» ብለውኝ ሄዱ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የዚያ ዓመት ዶሮ ወጥ አልዋጥ አለኝ።

ቦታው ለምን ሰፋ?

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ጠየቅሁ፣ አነበብኩም። ያ የዊልቸር ምልክት እ.ኤ.አ. በ1968 ሱዛን ኮፉድ የተባለች ዴንማርካዊት የዲዛይን ተማሪ የነደፈችው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከእንዲህ ዓይነቱ ማቆሚያ ጎን 1 ሜትር ተኩል ያህል ማንም የማያቆምበት ባዶ መስመር እንዲተው ሕጉ ያዛል። ምክንያቱ ሴትዮዋ የነገሩኝ ነው፦ በር እንዲከፈት፣ ዊልቸር እንዲወርድ።

እኛም አገር ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ደንግጎ ነበር። ስለ አካል ጉዳተኞች መብት የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነትም ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አዋጁ ወጣ፣ ቀለሙም ተቀባ፤ የጎደለው የኛ ይሉኝታ ነው።

ደግሞ ፖሊስ አንሁን!

ንስሐ የገባ ሰው አጉል ይበረታል አይደል? ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ስኒከር የተጫማ ጎረምሳ እዚያው ምልክት ላይ አቁሞ ሲወርድ አየሁና ዘልዬ «አታፍርም?» አልኩት። ልጁ ዝም ብሎ ሱሪውን ሰብሰብ አደረገ። ሰው ሠራሽ እግር! «ብሮ፣ በየሄድኩበት ሱሪዬን መሰብሰብ ሰልችቶኛል» ብሎኝ ገባ። በአንድ ወር ሁለቴ አፈርኩ። ስንት የልብና የነርቭ ሕመም አለ፣ ከውጭ የማይታይ።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

ምልክት ያለበትን ቦታ ባዶም ቢሆን እንለፈው፤ ባዶ የተተወው ሰው እስኪመጣ ነው። ባዶውን መስመርም ቢሆን ለሞተር ብስክሌትና ለጋሪ ማቆሚያ አናድርገው። ለጥበቃው ጉርሻ መስጠት ካማረን ኮኗን ስላላነሳ እንስጠው። አላግባብ የቆመ ከመሰለን ደግሞ በጨዋ ቃል ለጥበቃው ነግረን እንለፍ እንጂ የሰው እግር አንመርምር።

ሴትዮዋን እስካሁን ደግሜ አላየኋቸውም። እዚያ ሱፐርማርኬት በሄድኩ ቁጥር ግን ዓይኔ ቀድሞ የሚያየው ያችን ቦታ ነው። ወገኖቼ፣ ሁለት ደቂቃ ካለችን አንድ ዙር እንዙርባት። ቸር ይግጠመን!